መብራቱ ደብዝዟል ይላል አባዬ

ሰኞ

ዝናቡ ገባ። ከእንግዲህ ወደ ሱቄ ከሚገባው ሰው ግማሹ መነጽር ሊያሠራ ሳይሆን ሊጠለል ነው። ይሁን፤ የተጠለለም ሰው ዓይን አለው።

አመሻሽ ላይ አባዬ ደወለ። ሰላምታውን እንኳን አላስጨረሰኝም። «መብራቷ ደብዝዟል» አለ። የመኪናዋን ማለቱ ነው። እኔ ትምህርት ቤት የተመላለስኩባት፣ የተሞሸርኩባት፣ ልጄን ከሆስፒታል ያመጣንባት አሮጌ መኪና። «ባትሪው ይሆናል» አልኩት። «ባትሪ ቢሆን አላውቀውም?» አለ። አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው እንዲህ ሲል ምን ይመለስለታል? እሁድ መጥቼ አየዋለሁ ብዬ ዘጋሁት።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት መስታወት እየቀያየሩ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ሲሉ ከመዋል ሽቦ መነካካት ይሻላል። ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ጥቂት ነው። ግን ያም ይሄም የብርሃን ጉዳይ አይደል? ምን ገደደኝ።

እሁድ

አባዬን ያገኘሁት የጥርስ ሳሙና በጨርቅ ይዞ የፊት መብራቶቹን መስታወት ሲፈትግ ነው። ቢጫውን ያጠራዋል አለኝ። እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እኔ የምፍቅበት አጥቼ የአሮጊቷ ጥርስ ነጣ!» አለች።

«አሮጊት አትበያት፤ ትሰማለች» አላት።

አብረን መረመርናት። እኔ ከኋላ ቆምኩ፣ እሱ ፍሬን ረገጠ። የፍሬኑ መብራት ሲበራ ሳይጠሩት ፍሬቻውም አብሮ ጭል ጭል ይላል። ፍሬቻ ሲያሳይ ደግሞ የፊት መብራቶቹ ይደክማሉ። «አላልኩህም?» አለኝ፤ ድምፁ የድል አድራጊ ነው። እውነቱን ነው፤ ችግር አለባት። ችግሩ የእሷ ሆኖ በመገኘቱ እንዴት እንደቀለለኝ! እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ማክሰኞ፣ በጥድፊያ

ባትሪው ሞቶ አደረ። ልጄን ጠዋትም ከሰዓትም ትምህርት ቤት የሚያመላልሷት አባዬና እማዬ ናቸው፤ ቤታቸው ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ዛሬ መኪናዋ አልነሳም አለች። ልጄ አረፈደች። እኔም አረፈድኩ።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ኤሌትራውቶ መጣ። ሰፈሩ «ቀስ በቀስ» ነው የሚለው፤ ምንም ብትጠይቀው መልሱ እሱ ነው። አንዴ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ መብራቱ እኮ በርቶ ነው ያደረው» አለ።

አባዬ ቱግ አለ። «እኔ መብራት አብርቼ የማድር ሰው ነኝ?»

ቀስ በቀስ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ከዚያ፣ «እንግዲያው የሆነ ቦታ ኃይል የሚሰርቅ ሽቦ አለ ማለት ነው» አለ። ሥራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው። የመብራቱ ማብሪያ ዞሮ እንደነበር እኔም አይቻለሁ። ልጄ ነክታው ይሆናል።

ቅዳሜ

ከገበያ አብረን ተመለስን። አባዬ ይነዳል፣ እማዬ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ከሽንኩርቱ ጋር። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ልጅ ሆኜ እዚሁ ወንበር ላይ የምተኛው እንቅልፍ መጣብኝ። ዓለም ሁሉ ውጭ የቀረ መሰለኝ።

እማዬ ግን መንገዱን ሙሉ አፏ አልተገጠመም። «ቀይ ነው። ሴትዮዋ ልትሻገር ነው። በቀኝህ ሳይክል አለ። አሁን ሂድ።» ድሮ እንዲህ ብትለው መኪናውን ዳር አስይዞ «ነይ ንጂያ!» ይላት ነበር። ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ያለችውን ሁሉ አደረገ። ዕድሜ ሰውን ያለሰልሳል ማለት ነው። እኔም እንዲሁ ለባለቤቴ የምታዘዝበት ቀን ይመጣ ይሆናል።

ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ወደ ግራ ዞር ብሎ አለፈ። እዚያ ጋ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ነበር። «አባዬ፣ ጉድጓዱ እኮ ከተደፈነ ቆየ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ልማድ ነው። አርባ ዓመት የነዳ ሰው እጁ ራሱ ያስባል።

ሐሙስ

ሕልም አየሁ። አባዬ ድሮ የሚነዳውን አውቶቡስ ይነዳል። መብራት የለውም፣ መንገዱም የለም፣ ግን ይሄዳል፤ ውሃ ላይ እንደሚሄድ ዝም ብሎ። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ እኔ የሠራሁላቸውን መነጽር አድርገዋል። አንዳቸውም ወደ ፊት አያዩም። ሁሉም ዞረው የሚያዩት እኔን ነው።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «ማታ ብዙ በልተህ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ፀጉሯን እያበጠረች ቆየችና፣ «አባትህን ግን ጠይቀው» አለች። ምኑን ብዬ ልጠይቀው? ስለ ሕልሜ?

ትናንት ጠዋት ቫልቮላዎቹን፣ ፊውዞቹን ማለቴ ነው፣ አንድ በአንድ ነቅዬ አየሁ፤ አንዱ ተቃጥሎ ነበር፣ ቀየርኩት። ለአንድ ቀን ደህና ሆነች። አባዬ ግን፣ «ያው ነው» አለኝ።

ረቡዕ

አክስቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። እማዬ ልታስታምማት ዛሬውኑ ሄደች። ሻንጣ፣ ጃንጥላ፣ ትዕዛዝ፣ ትዕዛዝ፣ ትዕዛዝ። ጋዙን ዝጉ። አባትህ መድኃኒቱን እንዳይረሳ።

በሩ ላይ ቆማ ልጄን ስትመክራት ሰማሁ። «ስትሄጂም ስትመለሺም ከአያትሽ ጎን ከፊት ነው የምትቀመጪው። እንዳትተኚ። ያየሽውን ሁሉ እየነገርሽው ነው የምትሄጂው፣ እሺ የኔ እናት?»

«እማዬ ደግሞ! ቢወስዳትስ እንቅልፍ ምን አለበት?» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ሻንጣዋን አነሳች። «አንተ መኪናውን ሥራ» አለችኝና ወጣች።

አነጋገሯ ከነከነኝ። ሥራ የፈታሁ መሰልኳት እንዴ?

ሰኞ

ዛሬ አንድም ሰው ሱቅ አልገባም። ዝናቡን እያየሁ ዋልኩ። ግድግዳው ላይ የደረደርኳቸው መነጽሮች ውስጥ አላፊው መኪና ሁሉ እየተቆራረጠ ያልፋል፤ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። እንቅልፍና ንቃት መሃል ሆኜ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም።

ራት ላይ ልጄ በደስታ ፍንድቅ ብላ ታወራለች። «እኔና አያዬ ጨዋታ አለን! የትራፊክ መብራቱን ቀለም ቀድሞ የተናገረ ያሸንፋል።»

«ማን ያሸንፋል?» አልኳት።

«እኔ! ሁልጊዜ እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳን አሸንፎኝ አያውቅም።»

አባዬ ልጅ ማስደሰት ያውቅበታል ብዬ ሳቅኩ። ባለቤቴ አልሳቀችም። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልጅቷን እጇን ታጠቢ ብላ አስነሳቻትና፣ «የአባትህን ዓይን መቼ ነው ያየኸው?» አለችኝ።

«የአባዬን? ሱቁን የከፈትኩ ዕለት፣ እንግዳው ሁሉ ባለበት! የመጀመሪያ ደንበኛዬ እሱ አልነበረም እንዴ? እስከ መጨረሻዋ መስመር አንብቦ ሰው አላጨበጨበም?»

«እሱ እኮ ሦስት ዓመት ሆነው።»

«መኪናዋ ነች የታመመችው፤ እሱን ምን አደረግሽው?» ብዬ ጮህኩባት። ለምን እንደጮህኩ እኔም አልገባኝም።

«የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል» አለችና ሳህኑን ሰበሰበች። ተኮራርፈን ተኛን። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ለአባዬም መነሻውን ፈልጌ አነሳለታለሁ፤ የመኪናዋ ሥራ ይለቅ ብቻ። ሁለት ነገር ባንዴ አይሆንም።

እሁድ

አገኘነው! ቀስ በቀስ ከኮፈኑ ስር ተደፍቶ ቆየና፣ «ማሳው ነው!» ብሎ ጮኸ። ማሳ የሚሉት ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት፣ ከመኪናዋ አካል ጋር በብሎን የሚታሰር ወፍራም ሽቦ ነው። እሱ በደንብ ካልነካ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በማያገባው መንገድ ይሄዳል፤ የፍሬኑ በፍሬቻው በኩል፣ የፍሬቻው በፊት መብራቱ በኩል። ለካስ አባዬ መኪናዋን ቀለም ያስቀባት ጊዜ ቀቢው ብሎኑን ፈቶ እዚያ ላይ ቀብቶ፣ ከቀለሙ በላይ መልሶ አስሮታል። ብሎኑ ቀለሙን ቢያቆስለውም ዝገቱ ሲደርብበት ጭራሽ አልነካ አለ። ዓይን ጨፍኖ የተሠራ ሥራ!

በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፈተግነው። አጥብቀን አሰርን። ጋራዡን ዘግተን አጨለምነውና መብራቱን አበራን። ግድግዳው ላይ ሁለት ክብ ብርሃን አረፈ፤ አቧራው ውስጡ ይንሳፈፋል። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ መጥረጊያው፣ አሮጌው ጎማ፣ የእማዬ የአበባ ማሰሮ፣ አዲስ መሰለኝ። እንደዚህ ያለ ንጹህ ብርሃን አይቼ አላውቅም። ትንሽ ፈዝዤ ቀረሁ። ፍሬን አስረገጥኩ፤ ፍሬቻው ጭጭ። ከደስታዬ የተነሳ ቀስ በቀስን ጀርባውን መታሁት።

«አባዬ፣ ና ግባ! እይ!»

ገባ። መሪውን ጨበጠ። ግድግዳውን አየ። ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ቀኝ መለሰ፣ እንደገና አየ።

«አሁንም ደብዝዟል» አለ።

ቀስ በቀስ መፍቻዎቹን መልቀም ጀመረ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በዝግታ፣ «ይሄ መብራት እኮ ሰው ያሳውራል። ጋሼ ግን…» አለና አቆመ።

«ዲናሞውን እንየው» አልኩት።

«ዲናሞውን?» አለ። ፊቴን አየኝ። «እሺ፤ ዲናሞውን እናያለን። ቀስ በቀስ።»

ዲናሞው ነው። ባትሪውን የሚሞላው እሱ ነው፤ ዲናሞው ከሆነ ቀላል ነው።

ማክሰኞ

ዲናሞው ደህና ነው።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ልጄን ነገ እኔ ላድርሳት ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ግን ምን ብዬ? ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ምን ልለው ነው? ይቆይ አልኩ። እማዬ ስትመለስ።

ሐሙስ

ልጄ በሰላም ቤቷ ነች፤ ይሄን አስቀድሜ ልጻፈው።

ከትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት አለፍ ብሎ አባዬ ሱቅ ደወለ። «መንገድ ላይ ቆመናል። ና» አለ። ሌላ ቃል የለም። ቀስ በቀስን ከነመሣሪያው ይዤ በረርኩ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል።

መኪናዋ ከመስቀለኛው መንገድ ትንሽ ወረድ ብላ መሃል መንገድ ላይ ቆማለች። አራቱም ፍሬቻዎች ይበራሉ ይጠፋሉ። መኪናው ሁሉ በግራ በቀኝ ሸሽቶ ያልፋል፣ ክላክሱን ያንባርቃል፣ ይሳደባል። ዝናቡ ውስጥ ያ ቢጫ ብርሃን እርጥቡ አስፋልት ላይ ይፈሳል፣ ይጠፋል፣ ይፈሳል። አባዬ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

በሩን ከፍቼ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ባንዴ ተነሳ። አጠፋሁት፣ ደግሜ አስነሳሁት። ምንም የላትም።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው የቆምከው?»

በአገጩ ወደ ጎኑ አሳየኝ። ልጄ ቦርሳዋን አቅፋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች።

«ልጅቷ ተኝታለች» አለኝ። «ልቀሰቅሳት ነበር፤ አሳዘነችኝ። እሷ ከተኛች በኋላ ግን አንድ ስንዝር አልሄድኩም። በእናትህ።»

ገባኝ። ከገባኝ ቆይቶ እንደነበርም ያኔ ገባኝ። በሩን ይዤ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ልጄን እኮ ነው! ከዚያ ንዴቱ ዞሮ እኔው ላይ ወጣ። ባለሙያው ማነው? ወር ሙሉ መብራት ላይ ያፈጠጠው ማነው? ቀስ በቀስ ከኋላችን ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ክላክስ በሚያንባርቀው ሁሉ ላይ፣ «እለፍ! ምን ታያለህ? እለፍ!» እያለ ይጮሃል። ቀስ በቀስ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አባዬን ወደ ኋላ ወንበር አሻገርኩት። እጁን ስይዘው እንደ ልጅ ተከተለኝ። ያ ነው የባሰብኝ።

ዓርብ

ጠዋት ሱቁን ዘግቼ አባዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ግራ ዓይኑን በመዳፉ እንዲሸፍን ነገርኩት። የፊደሉን ሰሌዳ ላበራ ወደ ማብሪያው እጄን ስዘረጋ ማንበብ ጀመረ። ከላይኛው ትልቅ ፊደል ተነስቶ፣ መስመር በመስመር፣ ሳይሳሳት፣ እስከ ታችኛዋ ደቃቅ መስመር ወረደ።

ሰሌዳው አልበራም ነበር።

ሲጨርስ ጭብጨባ የሚጠብቅ ይመስል ዝም አለ። ከዝምታዬ አወቀብኝ መሰለኝ እጁን ከዓይኑ አወረደ።

«አላበራኸውም?» አለ።

«አላበራሁትም አባዬ።»

ሳቀ። ለአፍታ ነው፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ከመክፈቻህ ቀን በፊት እናትህ ወንበር ላይ ቆማ ሰሌዳውን እየጠቆመች አስጠናችኝ። ግራው ያነብ ነበር። ቀኙ ነው ያኔ የጨለመብኝ።»

«ለምን? ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ሥራዬ ነው! እኔ ልጅህ አይደለሁም?»

«ሥራህ ስለሆነ ነዋ! ሱቅህን ስትከፍት ያ ሁሉ ሰው ፊት ‹አይታየኝም› ልበል? ‹የገዛ አባቱን ዓይን ያላዳነ የኛን ሊያይ ነው› ቢሉህስ? ማን ይመጣልሃል? አንድ ዓይን ለምን አይበቃም አልኩ። ግራው ሲደክም ደግሞ… መኪናዋ ነች አልኩ። አንተም መኪናዋ ነች አልክ።»

ይሄን ሲል አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ ፊቱ ቆሜ አለቀስኩ። አይቶኝ እንደሆነ አላውቅም። «ተው እንጂ፣ ደንበኛ ይመጣል» አለኝ።

ሰኞ

የዓይን ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኩት። የዓይን ግፊት ነው። ቀኙ አልፏል፣ አይመለስም። ግራው የቀረው መሃሉ ብቻ ነው፤ በጠብታ እናቆየዋለን አለች። መንዳት የለም። አባዬ «እሺ» አለ፣ አንዴ ብቻ።

እሱ ሲወጣ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ «ዝናቡ ሲጀምር ባመጣው ኖሮስ?» አልኳት።

«ትንሽ ሊለይ ይችል ነበር» አለች።

እኔም ለሰው እንዲህ ነው የምለው። ትንሽ ስል ምን ያህል ማለቴ እንደሆነ አውቃለሁ።

ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። «እኔን ተወኝ፤ ጠብታውን በሰዓቱ አድርግለት» አለች። ጠዋትና ማታ እየሄድኩ እኔ ነኝ የማደርግለት። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሲያዘነብል ከልጄ አይለይም።

እሁድ

አክስቴ ስለተሻላት እማዬን ልናመጣት ሄድን። እኔ ነዳሁ፣ አባዬ ከጎኔ። የሚቀመጥበትን አላወቀበትም፤ ቀበቶውን በተሳሳተ በኩል ፈለገ፣ እግሩም ሁለት ሦስቴ ፍሬን ሊረግጥ ወለሉን መታ። ማርሽ ስቀይር «ቀደም አልክ» አለኝ። ልክ ነበር፣ ቀድሜ ነበር።

ዝናቡ አባርቷል። ጭጋጉ ከመንገዱ ላይ ቀስ እያለ ይነሳል፤ ዛፉም ቤቱም ግማሹ አለ፣ ግማሹ የለም። ረጅም መንገድ ሄድን። አባዬ የተኛ መስሎኝ ነበር።

«የት ደረስን?» አለኝ።

አርባ ዓመት ሙሉ ሌላው ሰው እሱን ሲጠይቀው የኖረ ጥያቄ ነው። ከጀርባው ቆመው፣ ብረቱን ይዘው፣ በመስኮት አሻግረው ሳይቀር ጠይቀውታል፤ ለሁሉም መልሷል። ሲጠይቅ ግን ዛሬ ሰማሁት። ከጭጋጉ ውስጥ መንገዱን ለማየት ወደ ፊት አዘነበልኩ፤ እሱም እንደ ጨዋ ተሳፋሪ ጠበቀ።

«ድልድዩ ላይ ነን አባዬ» አልኩት።

«ወንዙስ?»

«ሞልቷል። እስከ አፉ።»

መስታወቱን አውርዶ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። ከኋላችን መኪና አልነበረም። በደንብ እንዲሰማው ብዬ ቀስ አደረግኩ።